ከብጥስጣሽ ጨርቅ የረከቦት ልብስ፦ የኮሪያ እናቶች እንደሚሰፉት

ልብስ ሰፊ ነኝ። ደብረ ማርቆስ ላይ ከአንዲት የእግር ሲንጀር ኋላ በረንዳ ላይ ስቀመጥ ሠላሳ አንድ ዓመቴ ነው። ከመቀሴ ሥር የወደቀው ብጥስጣሽ ሁሉ ተጠራቅሞ ቢሆን ኖሮ አንድ ጎተራ ይሞላ ነበር፤ እኔ ግን ማታ ማታ ጠርጌ ለእሳት ማያያዣ ስሰጠው ኖርኩ። ይህን ልማዴን ያስተወችኝ ከጥቂት ዓመታት በፊት በከተማችን ታስተምር የነበረች ኮሪያዊት ናት።

አንድ ቀን ከሰዓት በኋላ አንዲት ስስ ጨርቅ በእጇ ይዛ መጣች። ብርሃን የሚያሳልፍ፣ ከነጭ፣ ከቢጫና ከውኃ ሰማያዊ ቁርጥራጭ የተገጣጠመ ነው። አንዱ መገጣጠሚያ ስንዝር ያህል ተተርትሯል። «ጋሼ፣ ይህ ይሰፋል?» አለችኝ በተሰባበረ አማርኛ። «በአምስት ደቂቃ!» አልኋት። እንኳን ይህንን፣ ከባዱን ካኪ የምሰፋ ሰው ነኝ ብዬ ከመኪናው ሥር አስገባሁት። መኪናው ጨርቁን ጨምድዶ ዋጠው። ጎትቼ ሳወጣው መገጣጠሚያው እንደ አሮጊት ከንፈር ተሸብሽቧል።

አልተቆጣችም፤ ብትቆጣ ይሻለኝ ነበር። ምላጭ ጠየቀችኝ፣ ደንበኛ የሚቀመጥበት ዱካ ላይ ተቀመጠች፣ የእኔን ስፌት አንድ በአንድ ፈታች፣ ከቦርሳዋ ቀጭን መርፌ አወጣችና ያችን ስንዝር ለመስፋት አርባ ደቂቃ ፈጀች። ስትጨርስ ተቀብያት አገላበጥኩት። ፊቱ የቱ ነው? ጀርባው የቱ ነው? ክር ጫፍ የለ፣ ጥሬ ጠርዝ የለ። ይህን ያህል ዘመን የሠራ ሰው የጨርቅ ፊትና ኋላ ሲጠፋው ምን እንደሚሰማው ልብስ ሰፊ ያልሆነ አይገባውም። «አስተምሪኝ» አልኋት።

ጨርቁ ቦጃጊ ይባላል፤ መጠቅለያ ጨርቅ ማለት ነው። ኮሪያውያን በድሮው ቤታቸው ሁሉን ነገር በቦጃጊ ይጠቀልሉ ነበር፦ ልብስ፣ ምግብ፣ መጽሐፍ፣ የጥሎሽ ዕቃ። ከቁርጥራጭ የተሰፋው ዓይነት ደግሞ ጆጋክቦ ነው፤ ጆጋክ ቁራጭ፣ ቦ ጨርቅ። በፈረንጆች አቆጣጠር ከ1392 እስከ 1910 በቆየው በጆሰን ነገሥታት ዘመን፣ በተለይ በባለጸጎቹ ቤት፣ ሴቶች የሚውሉበት ክፍል ለብቻ ነበር፤ ግዩባንግ ይሉታል። ሴት ልጅ ከዚያ ክፍል እንደ ልቧ አትወጣም፤ ከልጅነቷ መርፌ ትይዛለች፣ የቤቱን ልብስ ሁሉ የምትሰፋው እሷ ናት። እዚያ ክፍል ውስጥ ያሉትን ሰባት ዕቃዎች፣ መርፌ፣ ክር፣ መለኪያ፣ መቀስ፣ የጣት ቆብ፣ ትንሹን ካውያና ትልቁን ካውያ፣ የሴቶች ክፍል ሰባቱ ወዳጆች ይሏቸዋል። ሌላ ወዳጅ እንዲገባ ስላልተፈቀደ ይመስለኛል።

ልብሳቸው ሀንቦክ ሲቆረጥ እጅጌውና ክንዱ ሥር ስለሚጎብጥ ትርፍ ይወጣዋል። ሐርም ይሁን ሞሺ ከሚሉት ተክል የሚፈተል ጨርቅ፣ ትርፉ አይጣልም። የሞሺ ነገር ከተነሳ፣ ሃንሳን የሚባለው አካባቢ የሽመና ሙያ በፈረንጆች 2011 በዩኔስኮ የማይዳሰሱ ቅርሶች መዝገብ ገብቷል። ጨርቁን በእጄ ይዤው አይቻለሁ፤ ደረቅ ነው፣ ሲነኩት ይንኮሻኮሻል፣ የእኛ ነጠላ በአሚዶ ቢደርቅ እንደዚያ ነው። ይህን ልብ በሉ፣ ኋላ እንመለስበታለን።

እዚህ ላይ የራሴን ነገር ልናገር። መርፌ የያዝኩት ሱቅ ከፍቼ አይደለም፤ ዲማ ጊዮርጊስ በቆሎ ተማሪነቴ ነው። ደበሎዬ ሲቀደድ በወስፌ፣ ቁምጣዬ ሲቀደድ በመርፌ፤ እራፊ በእራፊ ላይ። ወደ መንደር ለልመና ስንወጣ ልጆች «ድሪቶ ለባሽ» እያሉ ይከተሉን ነበር። ስለዚህ እጄ መጣፍ ቢያውቅም ልቤ ይጠላው ነበር፤ ሙያዬ ሁሉ መገጣጠሚያን መደበቅ ሆኖ ኖረ። ኮሪያዊቷ ግን መገጣጠሚያውን ወደ ብርሃን አንሥታ አሳየችኝ። ቁራጩ አንድ ነጠላ ስለሆነ ብርሃን ያሳልፋል፣ መገጣጠሚያው አራት ድርብ ስለሆነ ይጠቁራል። ልክ እንደ መስኮት ፍሬም። የሚታየው ጌጥ ራሱ መገጣጠሚያው ነው! አያቶቿ ቁራጭ ማገጣጠም ዕድሜ ማገጣጠም ነው ይሉ እንደነበር ነገረችኝ፤ ሕፃን መቶ ቀን ሲሞላው ከመቶ ቁራጭ የተሰፋ ጃኬት የሚለበስበት ልማድም ነበራቸው። በቋንቋቸው ቦክ የሚለው ድምፅ መጠቅለያም በረከትም ነው። ጎጃሜ ጆሮ ላለው ሰው ይህ ሰምና ወርቅ ነው፤ ሌላ ማብራሪያ አልጠየቅኋትም።

በሉ ወደ ሥራው። የምንሰፋው ስድሳ በስድሳ ሴንቲ ሜትር የሆነ የረከቦት ልብስ ነው፤ ለዳቦ ትሪም ይሆናል። እነሱም የምግብ ገበታ የሚሸፍኑበት እንዲህ ያለ አላቸው።

ጨርቅ። የነጠላ ቁራጭ፣ የሐበሻ ቀሚስ ትርፍ፣ አሮጌ አቡጀዲ። ውፍረታቸው ይቀራረብ። እኔ መጀመሪያ ጊዜ ብልህ የሆንኩ መስሎኝ ገበሬው ከሚለብሰው ከአረንጓዴው ካኪ ቁራጭ ከነጠላ ጋር አጋባሁ፤ ቀለሙ ያምር ነበር፣ ጨርቁ ግን እንደ ተጣላ ባልና ሚስት አንዱ ወዲያ አንዱ ወዲህ ተሳሳበ። ካኪውን አትጣሉት፣ ለሌላ እንፈልገዋለን። ጥለት ካለው ቁራጭ ጥለቱን በጠባቡ ቁረጡ፤ አንድ ሁለት ቦታ ብልጭ ካለ ይበቃል። በየቦታው ካደረጋችሁት የሠርግ ድንኳን ይመስላል።

ሁሉንም እጠቡ፣ በተለይ አዲሱን፤ ሳይታጠብ የተሰፋ ኋላ ይሸበሸባል። ከዚያ አሚዶ። አሚዶ ከሌለ አንድ የሾርባ ማንኪያ የስንዴ ዱቄት በአንድ ሊትር ውኃ በጥብጡ፣ እያማሰላችሁ አፍሉት፣ በጨርቅ አጥልሉት። ቁራጩን ነክራችሁ ጨምቁ፣ ጥላ ሥር አስጡ፣ ገና እርጥበት ሳለው በካውያ ተኩሱ። ኮሪያውያን ይህን በሩዝ ሙጫ ነው የሚያደርጉት። ድሮ ደግሞ ልብሱን ለማጠብ ስፌቱን ፈትተው፣ አጥበው፣ ሙጫ አጠጥተው፣ በድንጋይ ላይ አድርገው በዱላ ይደበድቡት ነበር፤ ሁለት ሴቶች ፊት ለፊት ተቀምጠው በአራት ዱላ። ከዚያ እንደገና ይሰፋል። አስቡት፣ ለአንድ እጥበት! እኛ ጨሞጋ ወንዝ ወርደን በእንዶድ ስናጥብ ደከመን እንላለን።

መርፌና ክር። መርፌው ቀጭንና አጭር ይሁን፤ የብርድ ልብስ መርፌ እንዳታነሱ። ክሩ አንድ ነጠላ፣ ርዝመቱ ከጣት እስከ ትከሻ፤ ከዚያ ከረዘመ ይተበተባል። ከመስፋታችሁ በፊት ክሩን በጧፍ ቁራጭ ላይ ሁለት ጊዜ ጎትቱት። የንብ ሰም ክሩን ያጠነክረዋል፣ ክሩም አይቋጠርም። ለጣት ቆብ የካኪዋን ቁራጭ አምጡ። በሁለት ጣት ስፋት በግማሽ ክብ ቆርጣችሁ አራት ድርብ አድርጋችሁ ሰፍታችሁ በሌባ ጣት ጫፍ ላይ አጥልቋት። የኮሪያ ሴቶች ቆብ ከብረት አይደለም፣ እንዲህ ከጨርቅ ነው፤ ጎልሙ ይሉታል። የእኔ አረንጓዴ ናት፣ ጣቴ ቁምጣ የለበሰ ገበሬ መስሏል።

አቆራረጥ። በእርሳስ አትሥመሩ። ከቁራጩ አንድ ክር መዝዙ፤ ክሩ የወጣበት ቀጭን መንገድ ይታያችኋል፣ በእሱ ላይ ቁረጡ። በእጅ የተሸመነ ጨርቅ ላይ ከዚህ የተሻለ ማስመሪያ የለም። ቅርጹ አራት ማዕዘን እስከሆነ ድረስ መጠኑ እንደፈለገ ይሁን። ሃያ አምስት ያህል ቁራጭ ለስድሳ በስድሳ ይበቃል። መሬት ላይ ዘርግታችሁ ተጫወቱበት። ሕጉ አንድ ነው፦ ሁልጊዜ ቀጥ ያለ ጠርዝ ከቀጥ ያለ ጠርዝ ይጋጠም። ትንሿን ከትንሿ፣ ሁለቱን ከሦስተኛዋ፣ ያን ድምር ከሌላ ድምር ጋር። ማዕዘን ውስጥ ገብቶ የሚሰፋ ነገር ከገጠማችሁ አሰላለፋችሁ ተሳስቷል፤ ተነሡና አንዱን ቁራጭ ቀይሩት። ቀድማችሁ ሥዕል አትሣሉ። ሥዕል የሣለ ሰው ጨርቅ ሊገዛ ገበያ ይወጣል፤ ይህ ሥራ ደግሞ ያለውን ለማብቃቃት የተፈጠረ ነው።

አሁን ዋናው፣ መገጣጠሚያው። ቀስ ብላችሁ አንብቡት፤ እኔ ሦስት ጊዜ ፈትቼ ነው የገባኝ።

ሁለት ቁራጭ ያዙ። የአንዱን ጠርዝ አንድ ሴንቲ ሜትር፣ የሌላውን ግማሽ ሴንቲ ሜትር ወደ ጀርባው እጠፉ። እጥፋቱን በአውራ ጣት ጥፍር ጫን ብላችሁ ሂዱበት፤ አሚዶ የጠጣ ጨርቅ መስመሩን ይይዛል። ነጠላችሁን ለምን አሚዶ እንዳጠጣን አሁን ገባችሁ። በጥንቱ የኮሪያ ቤት ይህን የምትሠራው ከፍም ውስጥ የምትሞቀው፣ እጀታዋ ረጅም የሆነች ትንሽ ካውያ ናት፤ እኛ ጥፍር አለን።

ከዚያ ሁለቱን ቁራጮች ፊት ለፊት ገጥማችሁ እጥፋቶቹን አፍ ለአፍ አስተካክሉ። በግራ እጅ ያዟቸው፣ ከቀኝ ጀምራችሁ ወደ ግራ ሂዱ። መርፌው በወዲያኛው እጥፋት ገብቶ በወዲህኛው ይውጣ፤ ከእያንዳንዱ የሚያነሣው ከሽመናው ሁለት ክር ብቻ ነው። ከዚያ ክሩ በላይ ዞሮ፣ ሁለት ሚሊ ሜትር አልፎ፣ እንደገና ከወዲያ ይገባል። አንድ ሴንቲ ሜትር ውስጥ አምስት ስፌት። አትጎትቱ፤ ክሩ ጨርቁን መንካት እንጂ ማነቅ የለበትም። የምትሰሙት ድምፅ ቢኖር ክሩ አሚዶ በጠጣው ጨርቅ ውስጥ ሲያልፍ የሚያሰማው ጭረት ብቻ ነው።

እዚህ ላይ ተቸግሬ ስቀመጥ ባለቤቴ ከጓዳ ወጥታ ትከሻዬ ላይ ቆመች። በእኛ ቤት ስፌት የሚለው ቃል ሁለት ጌታ አለው፦ የእኔ የመኪና ስፌት በረንዳ ላይ ነው፣ የእሷ የአክርማና የስንደዶ ስፌት ምድጃ ዳር ነው። «ይኸማ የመሶብ ስፌት ነው» አለች። «ወግቶ ማዞር፣ ወግቶ ማዞር። አንተ እኮ የምትሰፋው መኪናው እንደሚሰፋ፣ ወደ ፊት እየሮጥህ ነው።» እውነቷን ነበር። ወስፌዋን አስቀምጣ መርፌዬን ተቀበለችኝና በመጀመሪያው ቀን ከእኔ የቀና መስመር አወጣች። መሶብ የሰፋ እጅ ያላችሁ ሴቶች ይህ መመሪያ ግማሹ አያስፈልጋችሁም።

መስመሩ ሲያልቅ ጨርቁን ዘርጉና በጀርባው አገላብጡት። ሁለት ትርፍ ጠርዞች ታያላችሁ፤ አንዱ ሰፊ፣ አንዱ ጠባብ። ሰፊውን በጠባቡ ላይ አምጡት፣ ጫፉን ከጠባቡ ሥር ሰውሩት፣ ማለትም ሰፊው ጠባቡን ይዋጠው። ያ ጥቅል ወደ ጠባቡ ወገን ይተኛ። በጥፍር አስተኙት፣ ከዚያ ዳሩን በዚያው ስፌት፣ በዚያው ሁለት ሚሊ ሜትር፣ ከሥሩ ጨርቅ ጋር ያዙት። አለቀ። ግማሽ ሴንቲ ሜትር ስፋት ያለው ሪባን የመሰለ መስመር ይወጣችኋል፤ እንደ ጋቢ አራት ድርብ ነው፣ ጥሬ ጠርዝ የሚባል ነገር ከውስጡ አይወጣም። ኮሪያውያን ይህን መገጣጠሚያ ሳምሶል ይሉታል። የክሩን ጫፍ በቋጠሮ አትጨርሱ፤ ሦስት ጊዜ እዚያው ላይ ወግታችሁ ጭራውን በድርቡ ውስጥ ሰዳችሁ ቁረጡት። እኔን ፊትና ኋላ ያጠፋብኝ ይኸው ነው።

ስትሰፉ ክሩ ከጨርቁ ቀለም ጋር ይመሳሰል ወይስ ይለይ? እሷ ነጭ ጨርቅ ላይ ነጭ ክር ነበር የምትጠቀመው። እኔ ቀይ ክር ሞከርኩ፣ አማረብኝ፤ ቀይ ክር ግን ጠማማ ስፌትን ለመንደር ያወራል። ለመጀመሪያ ሥራ ነጭ በነጭ ይሁንላችሁ።

ቁራጮቹ ሁሉ ተጋጥመው ሲያልቁ ዙሪያውን አስተካክላችሁ ቁረጡ፣ ጠርዙን ሁለት ጊዜ ግማሽ ግማሽ ሴንቲ ሜትር አጥፋችሁ በዚያው ስፌት ዙሩት። ማዕዘን ላይ አትቸኩሉ። መሐሉ ላይ ማንሻ ይደረግበታል፤ የምግብ መሸፈኛቸው ብዙ ጊዜ እጅ ሳያቆሽሽ የሚነሣበት ጆሮ አለው። ከተረፈችው ካኪ አራት በስድስት ሴንቲ ሜትር ቁረጡ፣ በርዝመቷ ሦስት ጊዜ አጥፋችሁ ስፉ፣ ጎንበስ አድርጋችሁ እንደ ቀለበት መሐል ላይ ትከሏት። ከሥሩ ሌላ ትንሽ ቁራጭ ደርቡ፤ አለዚያ ሲነሣ ሲነሣ ነጠላው ይቀደዳል።

የእኔ የመጀመሪያው ሦስት ሳምንት ፈጀ፣ ማታ ማታ። መብራት ሲጠፋ መኪና የማትወጣው ሥራ ስለሆነ በኩራዝ ጨረስኩት፤ ኩራዝ ግን ለዓይን አይመከርም፣ ቀን ቀን ስፉ።

በረንዳዬ ላይ ሰቅዬው ሳለ ኮሪያ የዘመቱ አንድ አባት፣ ነፍሳቸውን ይማርና፣ በምርኩዛቸው ቆመው ለረጅም ጊዜ አዩት። በ1943 በእኛ አቆጣጠር ከመጀመሪያው የቃኘው ሻለቃ ጋር ፑሳን የወረዱ ናቸው። «ይህችን ጨርቅ አውቃታለሁ» አሉኝ። «ሕዝቡ ከጦርነት ሲሸሽ ቤቱን ሁሉ በእንዲህ ያለ ጨርቅ ቋጥሮ፣ ሴቶቹ በራሳቸው ተሸክመው ነበር የሚያልፉ። ያን ጊዜ ጌጥነቷን ማን አየላት!» ከዚያ ምንም ሳይጨምሩ ሄዱ።

አጣጠብ አጭር ነው፦ ለብ ባለ ውኃ፣ ሳይታሽ፣ ሳይጠመዘዝ። ዘርግታችሁ አድርቁት፣ በእርጥቡ ተኩሱት። ቡና የፈሰሰበት እንደሆነ ወዲያው በቀዝቃዛ ውኃ አስለቅቁት፣ እስከ ማግሥት አታሳድሩት። ስፌቱ ካላለቀበት ጨርቅ መርፌውን ሳታወጡ አትነሡ፤ የእኔን መርፌ በተቀመጥኩበት ያገኘሁት ቀን አልረሳውም።

የመጀመሪያውን ሥራ ለአማቴ ነው የሰጠሁት። አማቴ እኔን አንቱ እያሉ ነው የሚያዋርዱኝ። ተቀብለው አገላበጡት፣ በጣታቸው ዳበሱት፣ «ልጄን ድሪቶ ሊያለብሱብኝ ነው እንዴ?» አሉ። ወደ በሩ ብርሃን እንዲያነሡት ለመንኳቸው። አነሡት። ዝም ብለው ቆዩ፤ ከዚያ «ይህችኛዋ የእኔ ቀሚስ አይደለችም?» አሉና አንዷን ቢጫ ቁራጭ በጣታቸው ነኩ። ነበረች፤ በ1998 ዓ.ም. ለልጃቸው ሠርግ የሰፋሁላቸው ቀሚስ ትርፍ። አሁን ረከቦታቸው ላይ ነው። እሑድ ልጠይቃቸው ስሄድ አየዋለሁ። በላዩ ላይ ግን ዳንቴላቸውን ደርበውበታል።